ቲጃኒ ስድስት ቦታ የከፈለው ዲስክ

ሰዉ ስለ ቲጃኒ ሲያወራ «ያ ዝምተኛው የላብ ሰውዬ» ነው የሚለው። ዝምተኛ አልነበረም። የሚሰማው ሲያጣ ጊዜ ዝም አለ እንጂ። እኔ ያለምወርቅ እባላለሁ፤ የኮሌጃችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ዕቃ ቤቴንና የእሱን ኮምፒውተር ላብ የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ ግድግዳ በኩል ሳሉን ሳይቀር ለይቼ አውቃለሁ። ስለዚህ የእሱን ነገር እኔ ላውራው። ሌላ ሰው ካወራው እኔን ንጹሕ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ እሱ ደግሞ ውሸት ነው።

ቲጃኒ የጅማው ሄርማታ ሰፈር ልጅ ነው። አባቱ ገበያው ዳር ጃንጥላ ዘርግተው ሰዓት ይጠግኑ ነበር፤ ሰዉ ሰዓቱን ከስልክ ላይ ማየት ሲጀምር እሳቸውም ጃንጥላቸውን አጥፈው ቤት ገቡ። ልጃቸው ኮሌጃችን የገባው ተላላኪ ሆኖ ነው፤ ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚሮጥ። በማታው ተምሮ ዲፕሎማውን ያዘና የላብ ቴክኒሻን አደረጉት። ዲግሪ የለህም እየተባለ ሁለት ጊዜ ዕድገት አለፈው። ሁለቱንም ጊዜ ቦታውን የወሰዱት ልጆች ኬብሉ የት እንደሚሰካ መጥተው እሱኑ ሲጠይቁት በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን «አያናድድህም እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አዴ ያለም፣ የላቡ ቁልፍ እኔ ጋ ነው» አለኝ። አዴ የሚለኝ እንደ አገሩ ወግ ነው፤ እትዬ እንደማለት። እኔ ብሆን ቁልፉን ፊታቸው ላይ እወረውር ነበር። እሱ ግን በዚያች ቁልፍ ይኮራባት ነበር፤ ምን ታደርጉታላችሁ።

ላቡ ውስጥ ሃያ አራት ኮምፒውተር ነበር። ድሮ በእርዳታ የመጡ፣ ሳጥናቸው ትልልቅ፣ ሲከፈቱ እንደ ወፍጮ የሚጮሁ ናቸው። ተማሪዎቻችን ደግሞ አብዛኞቹ ከሰቃ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ የሚመጡ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ በቡና ለቀማ ጊዜ ክፍሉ ባዶ ይሆናል፣ ለቀማው ሲያልቅ ጣታቸው ጠቁሮ ይመለሳሉ። እቤታቸው ኮምፒውተር ያለው ከመቶ አንዱ ነው። የመመዘኛ ፈተናው ግን በኮምፒውተር ነው። ኢፍቱ የምትባል የሰቃ ልጅ ነበረች፤ ጠዋት ከሚኒባስ ወርዳ ቁርስ እንኳ ሳትቀምስ ላቡ በር ላይ ቆማ ቲጃኒን ትጠብቅ ነበር፤ ኮምፒውተሮቹ እየተበላሹ ሲሄዱ የሚደርሰው ለቀደመ ብቻ ነበርና።

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ጥር ላይ ዲኑ ስብሰባ ጠርቶ አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ይወገዳሉ፣ አዲስ በጀት ሲመጣ አዲስ እንገዛለን አለ። አዲስ በጀት እንደማይመጣ የበሩ ጥበቃ ሳይቀር ያውቃል። ኮምፒውተሮቹ ወጡ ማለት ላቡ ተዘጋ ማለት ነው። ሁላችንም ወለል ወለሉን እያየን ሳለ፣ በስብሰባ ተናግሮ የማያውቀው ቲጃኒ ተነሣ። «እስከ ሰኔ ጊዜ ስጡኝ፤ እንዲሠሩ አደርጋቸዋለሁ» አለ። ዲኑ ሳቅ ብሎ «ጥሩ፣ ሰኔ ሃያ ሦስት ሰኞ መጥተን እናያለን፤ ያን ቀን ካልሠሩ ይወገዳሉ» አለው፤ ቃለ ጉባኤም ተያዘበት።

ነገሩን እኔ ዘንድ መጥቶ አስረዳኝ። አሮጌው ዊንዶውስ በቫይረስ ተበልቷል፤ አዲሱ ዊንዶውስ ደግሞ ከእነዚህ ኮምፒውተሮች አቅም በላይ ነው። ሊኑክስ የሚባል በነጻ የሚገኝ ሲስተም አለ፤ ግን ተዘጋጅቶ የሚመጣው እሱም ዘንድሮ እንዲህ ያረጀ ማሽን አልቀበልም እያለ ነው። «ስለዚህ ከምንጩ እሠራዋለሁ» አለኝ። ምንጭ የሚለው ፕሮግራሞቹ የተጻፉበትን ኮድ ነው፤ እሱን አውርዶ፣ አንድ በአንድ፣ በእነዚህ ማሽኖች ልክ ራሱ መገንባት ነው። «የተሰፋው ሱሪ አልሆን ካላቸው፣ ጨርቅ ገዝቼ በልካቸው አሰፋለሁ ማለቴ ነው» ሲለኝ ገባኝ።

በጥር መጨረሻ ባለ መቶ ስድሳ ጊጋ አንድ ሃርድ ዲስክ በሞዴል ሃያ ሁለት ፈርሞ ከእኔ ወሰደ። ሞዴል ሃያ ሁለት ዕቃ ከዕቃ ቤት ሲወጣ የሚፈረምበት ወረቀት ነው፤ የንብረት ቁጥሩንም ጀርባው ላይ በነጭ ቀለም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወስዶ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበትና ሦስት ሳምንት አልነካውም። በሻይ ሰዓት የተሰረዙ ቅጾች ከእኔ ይለምንና፣ ጀርባቸው ላይ አራት ማዕዘን ይሥላል፣ ይከፍለዋል፣ ያጠፋዋል፣ እንደገና ይከፍለዋል። እኔ ደግሞ ዝም ማለት የማልችል ሰው ነኝ።

«ምንድን ነው እሱ? ቦታ ነው እንዴ የምትሸነሽነው?» አልኩት።

«አዎ፣ ቦታ ነው» አለኝ ቀና ሳይል። «ኋላ ማስፋት አይቻልም። መሐል ላይ ሞላ ማለት አፍርሶ እንደገና መጀመር ነው።»

«ባዶ ዲስክ አይደል? እየሞላህ አትሄድም?»

«እርስዎ ወረቀቱንና የላቦራቶሪውን ኬሚካል አንድ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣሉ?»

«አብጃለሁ? አንዱ ቢፈስ ሌላውን ያበላሻል።»

«ይኸው ነው» አለና ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው።

እንዲህ ነበር የከፈለው። አንዱ ትንሽ ቦታ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚያየው ማስነሻ ነው። ሁለተኛው እሱ የሚሠራበት አሮጌ ሊኑክስ ነው፤ ግንበኛ የሚቆምበት መሰላል በሉት። ሦስተኛው አዲሱ ሲስተም የሚገነባበት ነው፤ ይህን አብዝቶ ሰጠው። አራተኛው ሥራ ሲበዛ ከማሽኑ ሜሞሪ የሚተርፈው የሚያርፍበት፣ አምስተኛው የምንጭ ኮዱ የሚቀመጥበት ነው። የእያንዳንዱን ልክ ጽፎበታል፤ ሃያ ጊጋ፣ ሁለት ጊጋ፣ እያለ። መሐል መሐሉ ላይ ደግሞ ሰርዞ አስተካክሏል።

«መጠባበቂያስ?» አልኩት። «እኔ ያለ መጠባበቂያ መደርደሪያ ሠርቼ አላውቅም።»

ከዚያ አምስተኛውን አጥፍቶ አጠበበውና ስድስተኛ ጨመረ። እያንዳንዱ ደረጃ ሲያልቅ ግልባጩ እዚያ ይቀመጣል፤ መብራት ሄዶ ሥራው ቢበላሽ ከመጀመሪያው ሳይሆን ካለቀው ደረጃ ይነሣል። ያን ቀን በቾ ቦሬ ሰፈር ያለው ቤቴ ስገባ ለልጄ «ዛሬ ሊኑክስ ሠራሁ» አልኳት። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን የምሬን ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሥራዬን እንደ ዕውቀት ቆጥሮ ወረቀት ላይ ያሰፈረልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

በመጋቢት እንደገና መጣ። «አዴ ያለም፣ መጠባበቂያውን እዚያው ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ልክ አይደለም። ዲስኩ ራሱ ቢሞትስ? አንድ ሌላ ይስጡኝ» አለ። መደርደሪያዬ ላይ ሦስት ነበሩ። ሦስት። እኔ ግን «የክፍል ኃላፊህን አስፈርመህ ና» አልኩት። የክፍል ኃላፊው አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዶ ነበር። መስጠት እችል ነበር፤ ስንት ዕቃ በቃል አውጥቼ ወረቀቱን በኋላ አሟልቻለሁ። ለምን እንቢ እንዳልኩ ዛሬም አላውቀውም፤ የዚያን ቀን ሆዴን ሲቆርጠኝ ነው የዋለው መሰለኝ፣ ሰበብ ካስፈለገ። «ቶሌ» ብሎኝ ሄደ፤ እሺ ማለቱ ነው። ደመወዙን አውቃለሁ፣ ከኪሱ የሚገዛ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ ትዕግሥት ብቻ ነው። አንዱ ፕሮግራም አንድ ቀን ተኩል ሲገነባ ይውላል ያድራል፤ መሐል ላይ ሰማዩ ያጉረመርማል፣ መብራት ይሄዳል። በግድግዳው በኩል የኮምፒውተሩ ጩኸት ቀጥ ሲል እሰማለሁ፤ ቀጥሎ የእሱን ወንበር። አይሳደብም፣ ጠረጴዛ አይመታም። መብራቱ ሲመጣ ከስድስተኛው ክፍል የመጨረሻውን ግልባጭ አውጥቶ ይቀጥላል። ከሦስት ሳምንት የወረቀት ሥራ በኋላ አንድም ክፍል ሞልቶበት አያውቅም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ደረሰ?» እለዋለሁ። እሱ «ኢንሻአላህ» ይለኛል። ሚስቱ ነጅላ አንድ ቀን ምሳ ይዛ መጥታ «ሌላ ሚስት ያገባ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ይቺ ናት» ብላ ኮምፒውተሯን በክርኗ ገፋ አደረገቻት። ሦስታችንም ሳቅን።

ሰኔ አሥራ ዘጠኝ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳልኝ። ሄድኩ። ከሃያ አራቱ በጣም የደከመችውን መርጦ ነው የሞከረባት። ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ እየተንጠባጠበ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ፤ ከዚያ ስም ጠየቀች። ስሙን ጻፈላትና ገባ። መጻፊያው ተከፈተ፣ ሠንጠረዡ ተከፈተ፤ ያች ለመከፈት ሩብ ሰዓት የምትፈጅ ማሽን በአንድ ትንፋሽ። ቲጃኒ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። እኔ እንኳ እመብርሃን ምስክሬ ናት እንባዬ መጣ። ዲስኩን አውጥቶ በውጭ የሚሰካበት ሳጥን ውስጥ አስገባው፤ ወደ ሃያ አራቱ ሊገለብጠው ነው። አንዱን እንኳ ሳይጀምር መብራት ሄደ። «ነገ ከጁምዓ መልስ እጀምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ይበቃኛል» አለ። ስወጣ ከኋላዬ «ብቻ ዊንዶውስ ላይ እንዳይሰኩት። ዊንዶውስ ይህን አያነብም፤ የተበላሸ ይመስለዋል» አለኝ። ነግሮኛል። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ ልምል አልችልም።

በማግስቱ ዓርብ የዓመቱ የንብረት ቆጠራ እኛ ጋ ደረሰ። ሰኔ ሲመጣ ኮሚቴ ተዋቅሮ ከወንበር እስከ ማስመሪያ ይቆጠራል። ሰብሳቢው አቶ ጣሰው ነበር፤ ከግዢ ክፍል፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው። ላቡ ሰኞ ነበር ተራው፤ እሱ ግን «ዛሬ እንጨርሰውና ሰኞ እንረፍ» አለ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ቲጃኒ ጁምዓ ሄዷል። ተለዋጭ ቁልፍ እኔ ጋ አለ። አንድ ሰዓት ብንጠብቀው ይመጣል። «ኧረ ምን አለበት» ብዬ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ቆጠራዬ ጎድሎም ተርፎም አያውቅም፤ ይህንንም አንገቴን ቀና አድርጌ ለመጨረስ ቸኩዬ ነበር።

ወንበር ልክ፣ ጠረጴዛ ልክ፣ ኮምፒውተር ሃያ አራት ልክ። ቲጃኒ ጠረጴዛ ላይ ያ ዲስክ ከነሳጥኑ ተቀምጧል፤ ነጩ ቁጥሬ ይታያል። ቅጹ ላይ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» የሚል ዓምድ አለ። አቶ ጣሰው «ይሠራል?» አለኝ።

«ይሠራል» አልኩት።

«በምን አወቅን? ይሰካና ይታይ» አለና የራሱን ላፕቶፕ ከፈተ። መብራት መጥቶ ነበር።

ሰካነው። ወዲያው ያ ጅማ ውስጥ ፍላሽ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስኮት ወጣ፤ ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል፣ ይደረግ ወይ የሚለው። ስንዘጋው ሌላ መጣ። እሱን ስንዘጋ ሌላ። አቶ ጣሰው የዲስኩን ዝርዝር ከፈተና ቆጠረ። «ስድስት ነው የሚያሳየኝ፤ ወይዘሮ ያለምወርቅ፣ በሞዴል ሃያ ሁለት የወጣው ስንት ነው?»

«አንድ።»

«ስድስቱ ሲደመር ደግሞ መቶ አርባ ዘጠኝ ነው። ያወጡት መቶ ስድሳ ነው። አሥራ አንዱ የት ገባ?»

ፋብሪካ የሚቆጥርበትና ኮምፒውተር የሚቆጥርበት ስሌት ይለያያል፤ ባለ መቶ ስድሳ የተባለ ዲስክ ሁሉ መቶ አርባ ዘጠኝ ነው የሚያሳየው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ስንቱን ፈትሼ ተረክቤያለሁ። ግን «ጎደለ» የሚል ቃል ስሰማ ልቤ ቀጥ ይላል፤ ደግሞ «አይሠራም» ተብሎ ከተጻፈ ቲጃኒ ሊጠየቅበት ነው ብዬ ፈራሁ። አያችሁ እንግዲህ፣ ለእሱ ማሰቤ ነበር። አይ፣ ልተወው፤ ለቆጠራዬ ማሰቤ ነበር።

«ፎርማት ቢደረግ አንድ ይሆናል አይደል?» አልኩኝ።

«ይሆናል» አለ አቶ ጣሰው። «እንዲያውም በደንብ ይደረግ፤ ሙሉውን።» ስድስቱን ደምስሶ አንድ አደረጋቸውና፣ ስልኩ ጮኾ ለመናገር ወደ በሩ ሲሄድ «አዎ የሚለውን ይጫኑልኝ» አለኝ። ተጫንኩት። መቶኛው መቁጠር ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት። ያኔ እንኳ ብነቅለው ቢያንስ የሆነ ነገር ይተርፍ ነበር አሉኝ በኋላ። ሙሉ ፎርማት የነበረውን ሁሉ እየጠረገ ነው የሚሄደው። ስድሳ ላይ ሲደርስ «ዊንዶውስ ላይ እንዳይሰኩት» ያለኝ ትዝ አለኝ። እጄን መዳፊቱ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ፤ መንቀልም መናገርም አቃተኝ። ዘጠና ምናምን ላይ ቲጃኒ ገባ፤ ፊቱ ላይ ለሶላት የታጠበበት የውዱእ ውሃ አልደረቀም ነበር ልበል፣ ዝናብም ይሆናል።

ላፕቶፑን አየ። ሽቦውን በዓይኑ ተከትሎ ዲስኩን አየ። አቶ ጣሰው ከበሩ በኩል «ዲስክህን አስተካከልንልህ፤ ስድስት ቦታ ተቆራርጦ ነበር» አለው፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው። ቲጃኒ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ማል ጎና» አለ በኦሮምኛ፤ ምን እናደርጋለን ማለት ነው። ለማንም አልነበረም የተናገረው።

ቅዳሜና እሑድ ላቡ ውስጥ ዋለ አደረ። የምንጭ ኮዱ እንኳ እዚያው ዲስክ ላይ ነበር፤ እንደገና ለማውረድ ሲሞክር ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ ሩቡ እንኳ አልወረደለትም። ሰኞ ዲኑ ከነኮሚቴው መጣ። ቲጃኒ ቆሞ የሆነውን ሁሉ ተናገረ፤ ሁለት ወር ቢሰጠው እንደሚመልሰው፣ እቅዱ ወረቀት ላይ እንዳለ ነገራቸው። ያን የቅጽ ጀርባ ከፍቶ አሳያቸው። ዲኑ ወረቀቱን ገልብጦ የፊቱን በኩል አየው፤ የተሰረዘ የሳሙና መጠየቂያ ነው። «ቀኑን አንተ ነህ የተቀበልከው» አለው። ሁሉም ወጡ። እኔም አብሬ ወጣሁ።

ከዚያ ቃለ ጉባኤው መጣ። «አንድ ሃርድ ዲስክ ብልሽት ላይ ተገኝቶ በኮሚቴው ተስተካክሏል» ይላል። ከአቶ ጣሰው በታች ሦስተኛዋ ፈራሚ እኔ ነኝ። በሐምሌ ለቲጃኒ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ ያለ ፈቃድ የመንግሥት ንብረት ቆራርጠሃል፣ አሥራ አንድ ጊጋም ሊገኝ አልቻለም የሚል። ሳነበው ደሜ ፈላ፤ ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ። ዲኑ ቢሮ ሄጄ ግን አልጮህኩም። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የቆየ ስም አለኝ፤ እያልኩ ራሴን አባበልኩ። የስልሳኛ ዓመት ልደቴን ፋይሌ ነጭ ሆኖ ላከብር ነው። ይብላኝ ለፋይሌ።

ኮምፒውተሮቹ በነሐሴ በጨረታ ወጡ። አንድ ነጋዴ በአይሱዙ ጭኖ፣ ለብረታቸው ሲል በኪሎ መዝኖ ወሰዳቸው። የመውጫ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቲጃኒ አንድ በአንድ እየተሸከመ አወጣ። ያችን የደከመችዋንም። መስከረም ላይ ኢፍቱ መጥታ በተዘጋው በር ላይ ቆማ አየኋት፤ ትምህርቷን ትታ ሰቃ አንድ ኮፒ ቤት ተቀጠረች ሲሉ ሰማሁ። ክፍሉ አሁን የፈተና ወረቀት ማከማቻ ነው። ላብ የሌለው የላብ ቴክኒሻን የት ይሂድ? የእኔ ረዳት አድርገው ዕቃ ቤት መደቡት።

ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ጠዋት «እንዴት አደሩ፣ አዴ ያለም?» ይለኛል፤ ካርቶን ይሸከማል፣ ቅጽ ይሞላል፣ ዓርብ ጁምዓ ሄዶ ይመለሳል። አንድ ቀን እንኳ ያን ነገር አላነሣም። ሰው ሲጠይቀው «መብራትና ዕድል ነው» ነው የሚለው። የተጫንኩት እኔ መሆኔን አያውቅም ብዬ ነበር፤ ላፕቶፑ የአቶ ጣሰው ነበርና። አለማወቁ ይበልጥ አንጀቴን በላኝ። እንቅልፍ አጣሁ፣ ጸበል ሄድኩ፣ ንስሐ አባቴ «ለባለቤቱ ንገሪ» አሉኝ። ሰባት ወር ሙሉ ነገ ነገ ስል ቆይቼ፣ በጥር አንድ ረቡዕ፣ ወረቀት ስንረከብ፣ ነገርኩት።

«ያን ቀን አዎን የተጫንኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ዊንዶውስ ላይ እንዳትሰኩት ብለኸኝም ነበር። አሥራ አንዱም እንዳልጎደለ አውቅ ነበር።»

የያዘውን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አውቃለሁ» አለኝ። «ስገባ እጅዎ መዳፊቱ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም አልከኝ?»

«ደብዳቤው ሲመጣ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ» አለ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ኮምፒውተሮቹ ሲጫኑ ጠበቅሁ። እዚህ ስመደብ፣ ዛሬ ይናገራሉ ኢንሻአላህ፣ ነገ ይናገራሉ ኢንሻአላህ እያልኩ ጠበቅሁ። ወላሂ፣ እኔ ለማንም ያልተናገርኩት እርስዎ ራስዎ ይናገሩታል ብዬ ነው።»

«አሁኑኑ ዲኑ ጋ ልሂድ። እጽፍልሃለሁ። ይቅር በለኝ፣ ቲጃኒ።»

ውጭ የጫነው መኪና ጥሩንባውን ነፋ። «ያኔ ቢናገሩ እኔን ይጠቅመኝ ነበር» አለኝ። «አሁን የሚቀልልዎት እርስዎን ነው። እኔን ምንም አያደርግልኝም።»

ካርቶኑን መልሶ አነሣና ወደ መደርደሪያዎቹ ሄደ። «የትኛው ረድፍ ላይ ላድርገው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ጀርባውን እንደሰጠኝ። ሦስተኛው ላይ አልኩት።